«ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ»

ሰው ስለ ፈጣን ኢንተርኔት ያወራል። አንቺ ሰፈር ደግሞ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ያኔ ከአፍሽ የሚወጣው «ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ!» ነው። ትልቁ ይቅርብኝ፣ ትንሹን እንኳ በወጉ ባገኘሁ ማለት ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት እንዲህ ነው።

አነጋገሩ የተነሣው ግን ከነፍስ ጉዳይ ነው። ተናጋሪው መንግሥተ ሰማያትን ትቶታል። የሚለምነው ቢያንስ እንደ ደንቡ እንዲፈረድበት ነው። ያስቃል፤ ደግሞም ይመራል።

ጽድቁን ለምን ተወው? ልኩን ከየት እንደሰማ ማየት ነው። ገድሉ እንደሚለው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በደብረ ሊባኖስ ዋሻ ለጸሎት ቆመው አንድ እግራቸው ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላም 7 ዓመት በአንድ እግራቸው ቆሙ። ይህን ከሚሰሙት እናቶች አንዷ ጉሊት ቸርቻሪ ናት እንበል። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሥጋና ወተት አትነካም። እስከ 9 ሰዓት ሳትቀምስ መዋል ግን አልቻለችም፣ ልጅ ታጠባለች። ሽንኩርቱን ስትመድብ የላሸውን ከሥር ታደርገዋለች፣ ደህናውን ከላይ። ካልሸጠችው ማታ እራት የለም። በጻድቁ ልክ ከተለካች አለቀላት።

አንዳንዶች ተረቱን የግዴለሽ ሰው ንግግር ያደርጉታል። እኔ አይመስለኝም። ግዴለሽ ሰው ዳኛ አይፈልግም፤ ይህች ሴት ግን ፍርዱን ተቀብላለች። የምትለው የላሸ ሽንኩርት ከነፍስ ግድያ እኩል አይቆጠርብኝ ነው። ሁሉም ጥፋት አንድ ከሆነማ፣ ነገ ደህናውን ከሥርም ለማድረግ ምን ያደክማታል?

ደስ የሚለው፣ ያችው ቤተ ክርስቲያን የበላዔ ሰብእንም ታሪክ ታነብላታለች። 78 ሰው የበላው ያ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ ምሕረት አገኘ ይላል ተአምረ ማርያም። የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት፣ ይኸው ይነገራል። «የ78ቱ ደምስ የት ገባ?» ብሎ የሚከነክነው ሰው አለ፤ እውነቱን ነው፣ ለሟቾቹ ማን ተናገረላቸው? የጉሊቷ ሴት ግን ጆሮዋ ውኃው ላይ ነው። ውኃ መስጠት እሷም ትችላለች።