ከአደን ወደ እርሻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ትምህርት ቤት የተማርነው ታሪክ እንዲህ ነበር። የጥንት ሰው ዋሻ ውስጥ እየኖረ፣ እንስሳ እያሳደደ፣ ሁሌ እየተራበ ይውል ነበር። አንድ ቀን የጣለው ዘር በቅሎ አየ። ከዚያ አረሰ፣ ቤት ሠራ፣ ጠገበ። እኔም ለዓመታት አምኜው ኖሬያለሁ። አብዛኛው ግን ልክ አይደለም፤ እነዚያን ሰዎች የምንንቃቸውም ያለ ምክንያት ነው።

«ዘር እንደሚበቅል ስለማያውቁ ነው ያላረሱት»

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሥር ሲቆፍርና ፍሬ ሲለቅም የኖረ ሰው ዘር እንደሚበቅል እንዴት አያውቅም? እ.ኤ.አ. በ1989 የገሊላ ባሕር ውኃ ሲጎድል ከዳርቻው ኦሃሎ የተባለ የጥንት ሰፈር ብቅ አለ። ዕድሜው 23,000 ዓመት ገደማ ነው። የዱር ስንዴና ገብስ ተገኘበት፣ እህል የተፈጨበት ድንጋይም ጭምር። እርሻ የመጣው ግን ከዚያ ከ10,000 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ታዲያ ለምን አላረሱም? ስላላስፈለጋቸው ነው። ጃክ ሃርላን የሚባል አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ሄዶ በባልጩት ማጭድ የዱር ስንዴ አጨደ። በሰዓት 1 ኪሎ ገደማ የጠራ እህል አገኘ። በእሱ ስሌት አንድ ቤተሰብ ሦስት ሳምንት ያህል ቢያጭድ ዓመቱን በልቶ የማይጨርሰውን ይሰበስባል። ሳያርስ፣ ሳያርም! ዛሬም ታንዛኒያ ውስጥ ኢያሲ ሐይቅ አካባቢ በአደን፣ በማርና በሥራሥር የሚኖሩ የሃድዛ ሰዎች አሉ። ጎረቤቶቻቸው ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ናቸው፤ እርሻ ምን እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ።

«መጀመሪያ እርሻ፣ ከዚያ ቤትና መንደር»

በሌቫንት፣ ማለትም በዛሬዎቹ እስራኤል፣ ፍልስጤም፣ ዮርዳኖስና ሶርያ አካባቢ፣ የናቱፍ ሰዎች የሚባሉት ሳያርሱ የድንጋይ መሠረት ያለው ቤት ሠርተው አንድ ቦታ ይኖሩ ነበር። ዮርዳኖስ ውስጥ ደግሞ 14,400 ዓመት ገደማ የሆነው የቂጣ ፍርፋሪ ከምድጃ አመድ ውስጥ ተገኝቷል። ዱቄቱ ከዱር እህል ነው። ቂጣ እርሻን ቀድሟል ማለት ነው።

«በአንድ ትውልድ ገበሬ ሆኑ»

አልሆኑም። የዱር ስንዴ ሲደርስ ፍሬው ከዛላው ላይ ይረግፋል፤ ራሱን የሚዘራው እንደዚያ ነው። የማይረግፍ ዛላ በተፈጥሮ ቢገኝም በዱር ብዙ አይቆይም። የሰው እጅ ሲያጭደውና መልሶ ሲዘራው ግን ከዓመት ዓመት እየበዛ ይሄዳል። ማንም አቅዶ ያደረገው አይመስልም። ይህ ለውጥ በአርኪዮሎጂ ሲታይ 2,000 ዓመትና ከዚያም በላይ ወስዷል። ያን ሁሉ ጊዜ ሰዎቹ ትንሽ ይዘራሉ፣ ያድናሉ፣ ይለቅማሉ።

«እርሻ ሲጀመር ኑሮ ቀለለ»

አቡ ሁሬይራ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር፣ ሶርያ ውስጥ የነበረ የጥንት መንደር ነው። በቁፋሮው ከወጡት አፅሞች የብዙ ሴቶች የእግር ጣት፣ ጉልበትና ወገብ ተጎድቶ ተገኝቷል። ምክንያቱ ተንበርክኮ እህል መፍጨት ነው። አያቱ መጅ ይዛ ጎንበስ ቀና ስትል ያየ ሰው ይሄን ለመረዳት ማስረጃ አይፈልግም። በብዙ ቦታ የገበሬዎቹ ጥርስ ይበልጥ ተበላሽቷል፣ ቁመታቸውም አጥሯል። ታዲያ እርሻ እንዴት አሸነፈ? አንድ ቦታ የተቀመጠች፣ ለልጇ ገንፎ የምታበላ እናት ቶሎ ቶሎ ትወልዳለች። ሰው በዛ። ከበዛ በኋላ ደግሞ ወደ ለቀማ መመለስ አይቻልም፣ ዱሩ ያን ሁሉ አፍ አይመግብም።

ግን ወደ ሌላው ጫፍም አንሂድ። የአዳኞች ኑሮ ገነት አልነበረም፤ ብዙ ሕፃናት ይሞቱ ነበር። «ሁሉም በ30 ዓመቱ ይሞት ነበር» የሚባለውም ስህተት የሚመጣው ከዚሁ ነው። አማካዩን የሚያወርደው የሕፃናቱ ሞት ነው እንጂ ከልጅነት ያለፈው 60 እና 70 መድረስ ይችል ነበር።

«ሁሉም ከመካከለኛው ምሥራቅ መጣ»

ሩዝ ከቻይና፣ በቆሎ ከሜክሲኮ፣ ድንች ከአንዲስ ተራሮች ነው። ማሽላ ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ ከ5,000 ዓመት በፊት እየተላመደ ነበር። እኛ ጋ ስንዴና ገብስ ከውጭ ገቡ፤ ጤፍ፣ ኑግና እንሰት ግን እዚሁ የተላመዱ ናቸው። ቅደም ተከተሉም ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። በአፍሪካ ሰሃራ ገና ለምለም በነበረበት ዘመን ሰዎች ከብት ያረቡ የነበረው እህል መዝራት ከመጀመራቸው ከሺህ ዓመታት በፊት ነው።

የእንሰት ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። የሚባዛው ከዘር ሳይሆን ከግንዱ ሥር ከሚበቅለው ችግኝ ነው። ስለዚህ እንደ ስንዴና ገብስ ከሰል ሆኖ የሚቆይ ፍሬ ምድጃ ውስጥ ጥሎ አያልፍም፤ ቅጠሉም ግንዱም ይበሰብሳል። አርኪዮሎጂስቶች ጥንታዊነቱን ለማረጋገጥ የሚቸገሩት ለዚህ ነው።