የለገሃር ቅይጥ የከተማ ልማትና የግንባታው አመራር

ለገሃር የአዲስ አበባ እምብርት ነው። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል የሚወርደው ቸርችል ጎዳና የሚያልቀው አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። የሰፈሩ ስምም ከጣቢያው የተገኘ ነው። ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ሲሉ የሰማው የከተማ ሰው ለራሱ አፍ እንዲመቸው ለገሃር አለው። በዚህ ሰፈር 36 ሄክታር መሬት ላይ መኖሪያ፣ ሱቅ፣ ቢሮና ሆቴል አንድ ላይ የያዘ መንደር እንዲገነባ የታቀደው በ2011 ዓ.ም ነው።

ስለ ለገሃር ሲወራ ከባቡሩ መጀመር ግድ ነው። አፄ ምኒልክ የባቡር መስመር እንዲዘረጋ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ገባ። እዚያ ላይ ገንዘብ አለቀ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረና ሥራው ለዓመታት ቆመ። ቀጥሎ የመጣው የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ሐዲዱን አዲስ አበባ ያደረሰው በ1909 ዓ.ም ነው። ርዝመቱ ወደ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት ደግሞ 1 ሜትር ነበር። አሁን የምናየው ያማረ የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም ነው። ከፊቱ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወረራው ዘመን ወደ ሮም ተወስዶ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። ምድር ባቡር ዕቃና መንገደኛ ከማመላለስ በላይ ሠርቷል። መካኒክ፣ ብየዳ ሠራተኛና የእጅ ባለሙያ አፍርቷል፤ ከተማዋን ከባሕር ጋር አገናኝቷል።

በ1969 እና 1970 ዓ.ም ከሶማሊያ ጋር በነበረው ጦርነት መስመሩ ክፉኛ ተጎዳ። በ2009 ዓ.ም መጀመሪያ የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ደግሞ መነሻው ከከተማው ዳር ሆነ። ለገሃር የቀረው የከተማው ቀላል ባቡር ነው፤ እሱም ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው።

ፕሮጀክቱ በኅዳር 2011 ዓ.ም በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ይፋ ተደረገ። አልሚው የአቡዳቢው ኢግል ሂልስ ነው። በወቅቱ እንደተነገረው ወጪው ወደ 50 ቢሊዮን ብር ይደርሳል። በቦታው የነበሩ 1,600 ገደማ አባወራዎችም ከሰፈሩ ሳይርቁ እዚያው ቤት እንደሚሠራላቸው ተገልጿል። ልማቱ ለባለገንዘብ ብቻ የታሰበ ነው የሚል ትችት አለ። ትችቱ መሠረት የለውም ባይባልም ትንሽ የተጋነነ ይመስላል፤ ነዋሪውን በቦታው ማቆየት በመሃል ከተማ ብዙም ያልተለመደ ውሳኔ ነው።

«ቅይጥ» የሚለው ቃል ለከተማው ሰው አዲስ አይደለም። በሊዝ ጨረታ ማስታወቂያ ላይ ሁልጊዜ ይታያል። የኮንዶሚኒየም ቤቶችም ምድር ቤታቸው ለሱቅ በጨረታ ይሸጥ ነበር። የ36 ሄክታር ቅይጥ ልማት ክብደቱ ግን ሌላ ነው። እዚህ ዋናው ጥያቄ ማን ይቅደም የሚለው ነው።

መቅደም ያለበት የነባር ነዋሪው ቤት ነው። ያ ሳይጠናቀቅ የድሮው ቤት ከፈረሰ ሰው በኪራይ ይበተናል። እድሩና እቁቡም አብሮ ይበተናል። ቤቱ ሲሠራም የጋራ መገልገያው መረሳት የለበትም። በኮንዶሚኒየም ግቢዎች እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና በግ የሚታረድበት ቤት ለብቻው የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ድንኳን የሚጣልበት ሜዳም ያስፈልጋል። ለቅሶ አራተኛ ፎቅ ላይ አይቀመጡትም።

ሁለተኛው መሬት ውስጥ የሚቀበረው ነው። የውኃ፣ የፍሳሽ፣ የመብራትና የቴሌ መስመር በአንድ ፕላን፣ በአንድ ቁፋሮ መግባት አለበት። የተነጠፈን መንገድ መልሶ መቆፈር ስንት ገንዘብ እንደሚበላ አዲስ አበቤ በዓይኑ አይቷል። ጊዜውም ወሳኝ ነው። ጥልቅ ቁፋሮ ከመስከረም በኋላ ተጀምሮ ሰኔ ሳይገባ ከመሬት በላይ መውጣት አለበት። ጥቁር አፈር ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ውኃ የሞላው ጉድጓድ የጎረቤትን አጥር ይዞ ሊናድ ይችላል።

የ2001 ዓ.ም የሕንፃ አዋጅ (ቁጥር 624/2001) ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃን ምድብ «ሐ» ውስጥ አስገብቶታል። ዲዛይኑም ክትትሉም የተመዘገቡ ባለሙያዎችን ይፈልጋል። ከተማዋ ለስምጥ ሸለቆ ቅርብ ናት። በ2017 ዓ.ም ታኅሣሥ የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው ከፎቅ አስወርዷል። ስለዚህ የፌሮ አስተሳሰር ሳይታይ ኮንክሪት አይሞላም። ተቆጣጣሪው ካልፈረመ ፎርማኑ የቱንም ያህል ቢቸኩል ይጠብቃል።

ዋጋም አለ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው በሐምሌ 2016 ዓ.ም ነው። ሊፍት፣ ፓምፕና የኤሌክትሪክ ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው። ውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ከሌለ ተቋራጩ መሃል ላይ ይቆማል። ያኔ ጅምር ሕንፃ ይቀራል፣ ፌሮው ይዝጋል።

ዘላቂነትን በተመለከተ የአዲስ አበባ አየር ራሱ ትልቅ እገዛ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። መስኮቱ በደንብ ከተቀመጠ አብዛኛው ቤት የአየር ማቀዝቀዣ አያሻውም። ሙሉ በሙሉ በመስታወት የተለበጠ ሕንፃ ግን ይህን ጸጋ ያባክነዋል። የክረምቱን ዝናብ ከጣሪያ ሰብስቦ ለአትክልትና ለመጸዳጃ ማዋል ይቻላል። ከፈረሰው ቤት የሚወጣው ጥርብ ድንጋይም ለአጥርና ለእግረኛ መንገድ ይሆናል።

አሮጌው ጣቢያ በእቅዱ መሠረት ቅርስ ሆኖ ይቆያል። በአጠገቡ ከባድ ማሽን ከመግባቱ በፊት ግድግዳው ላይ ያለው እያንዳንዱ ስንጥቅ መለካትና ፎቶ መነሳት አለበት። ቁፋሮው እየቀረበ ሲመጣ ልኬቱ በየሳምንቱ ይደገማል። ስንጥቁ ከሰፋ ማሽኑ ይቆማል።