ኤችአይቪ በደማችን እንዳለ ስንሰማ የሚመጡብን ሀሳቦች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኤአርቲ ክሊኒክ፣ ማለትም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ፣ የምርመራ ውጤታቸውን ገና ከሰሙ ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ ማውራት ነው ስራዬ። ብዙውን ሰው የሚሰብረው ደግሞ ቫይረሱ ሳይሆን ስለ ቫይረሱ ድሮ የሰማው ወሬ ነው፣ ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማውን እዚህ ልመልስ።

«በቃ አለቀልኝ»

ይሄ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ በየሰፈሩ ስንት ሰው ቀብረናል። ግን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚህ ሀገር መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ ድሮ ሲዲ ፎር የሚባለው የበሽታ መከላከያ ሴል ቁጥር እስኪወርድ ይጠበቅ ነበር፣ አሁን እንደታወቀ ይጀመራል፣ አብዛኛው ሰው የሚወስደውም ቲኤልዲ የሚባል በቀን አንድ ኪኒን ነው። ቶሎ ጀምሮ ሳያቋርጥ የወሰደ ሰው እንደማንኛውም ሰው ሰርቶ ያረጃል።

«መድኃኒቱ ያቃዣል፣ ጭንቅላት ይነካል»

ወሬው ከመሬት አልተነሳም። ቀድሞ ይሰጥ የነበረው ኤፋቪረንዝ ቅዠትና ድብርት ያመጣባቸው ሰዎች ነበሩ። የአሁኑ ቲኤልዲ ውስጥ እሱ የለም፣ ዶሉተግራቪር ነው ያለው። እሱም አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ሊነሳው ይችላል፣ እንደዛ ከሆነ ለሀኪሙ መንገር ነው፣ ጠዋት መዋጥ ብቻ የሚያስተካክልለት ሰው አለ። በራስ ውሳኔ ማቆም ግን በፍፁም።

«ማግባትም መውለድም ቀረ»

አልቀረም! መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለውን ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሲያወርደው በግብረ ስጋ ግንኙነት አይተላለፍም። ፓርትነር የተባለው ውጤቱ በ2016 የወጣ ጥናት አንዳቸው ፖዘቲቭ የሆኑ ጥንዶችን ተከታትሎ ነበር፣ ወደ 58 ሺህ ጊዜ ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርገው ከመድኃኒት ተጠቃሚው ወደ ጓደኛው የተላለፈ አንድም አልተገኘም። እናት ወደ ልጇ የማስተላለፍ እድሏም ያለ ህክምና ከ15 እስከ 45 በመቶ ሲሆን በህክምና ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል።

«ጠንካራ ሰው አያለቅስም፣ ዋጥ አድርጎ ይኖራል»

በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚጎዳበት እዚህ ጋ ስለሆነ። አረብ ሀገር ለመኖሪያ ፈቃድ ሲመረመሩ ተገኝቶባቸው የሚባረሩ እህቶች አሉ፣ ቤት ሲደርሱ «ኮንትራቴ አለቀ» ይላሉ፣ ከዛ የኪኒኑ ዕቃ ሲነቃነቅ ድምፅ እንዳያሰማ ጥጥ ይጠቀጥቁበታል፣ ሌብሉን ይልጣሉ፣ እናታቸው እስኪተኙ ጠብቀው በጨለማ ይውጣሉ። እንግዳ ቤት የመጣ ቀን ሳይዋጥ ያድራል። እንዲህ ብቻውን የተሸከመ ሰው ነው ቀጠሮ የሚያሳልፈው። ማልቀስ፣ መናደድ፣ «ለምን እኔ» ማለት ወግ ነው፣ ሀዘን ነውና። ግን ለሳምንታት እንቅልፍም ምግብም እምቢ ካለ፣ ከሰው መሸሽ ከመጣ፣ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ እሱም የሚታከም ነው። የመሞት ሀሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ የዛኑ ቀን ለቅርብ ሰው ተናግሮ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፣ ብቻችሁን አትደሩ።

«ለሁሉም ልናገር ወይ ለማንም አልናገር»

ሁለቱም ግዴታ አይደለም። የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ማወቅና መመርመር አለበት፣ ከባድ ከሆነ ክሊኒኩ አብሮ ይነግርላችኋል። ከዛ ውጪ አንድ ሚስጥር ጠባቂ ሰው ይበቃል። ማንም ከሌለ ብዙ ክሊኒክ ካሉት ኬዝ ማናጀሮች፣ ማለትም ታካሚን ከሚያማክሩና ከሚከታተሉ ሰራተኞች መካከል ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ አሉ፣ ለነፍሰ ጡሮችም የእናቶች ድጋፍ ቡድን አለ፣ እዛ ገብቶ ዝም ብሎ ማዳመጥም ይቻላል።

«ጸበል ከያዝክ መድኃኒት ተው»

ነፍሳቸውን ይማርና የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በ2007 እ.ኤ.አ. ጸበሉም መድኃኒቱም አብሮ እንደሚሄድ በግልፅ ተናግረዋል። ጸልዩ፣ ተጠመቁ፣ ኪኒናችሁንም ዋጡ።

«ካወቁብኝ ከስራ ያባርሩኛል»

የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 በኤችአይቪ ምክንያት ሰራተኛን ማግለል ይከለክላል።

«ክሊኒኩ ሰፈሬ ስለሆነ ሰው ያየኛል፣ ባልሄድ ይሻላል»

መቅረት አያስፈልግም፣ የትራንስፈር ወረቀት አፅፋችሁ ራቅ ያለ ጤና ጣቢያ መዘዋወር ትችላላችሁ። አዲሱ ቦታ እስክትመዘገቡ መድኃኒት እንዳያልቅባችሁ ብቻ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቃችሁ ያዙ።