ትዝታ የጠፋበት ሰው፦ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ከመንዝ ሲታዩ

በሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ውስጥ ትዝታው የጠፋበት ሰው የታወቀ ገጸ ባሕርይ ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1945 በሠራው «ስፔልባውንድ» ማንነቱን የዘነጋ ሰው «ነፍሰ ገዳይ ነኝ» ብሎ ይሸበራል። ክሪስቶፈር ኖላን በ2000 ባቀረበው «ሜሜንቶ» ደግሞ አዲስ ነገር በአእምሮው አልያዝ ያለው ሊዮናርድ የሚስቱን ገዳይ የሚያሳድደው ገላው ላይ በተነቀሰ ጽሑፍና በፎቶግራፍ እየተመራ ነው። ባለቀለሞቹ ትዕይንቶች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ስለሚደረደሩ ተመልካቹም እንደ ሰውየው ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ ይከተላል።

ሕክምናው ግን ከፊልሙ ይለያል። አሜሪካዊው ሄንሪ ሞሌሰን እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ከግራም ከቀኝም በአብዛኛው ወጣለት። ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ሰው ወዲያው ይረሳ ነበር፤ ስሙንና ልጅነቱን ግን አልረሳም። የራስን ስም እስከ መርሳት የሚያደርሰው ችግር ብርቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከከባድ የስሜት ጉዳት ጋር ይያያዛል። ጭንቅላትን ዳግም በመመታት ትዝታ ይመለሳል የሚለው የፊልም ወግ ነው።

ሰሜን ሸዋ፣ በተለይ መንዝ፣ ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ አይመችም። ማማ፣ ላሎም ሆነ ጌራ ምድር የገባ እንግዳ «የማን ልጅ ነህ?» መባሉ አይቀርም፤ የ«ስፔልባውንድ» ሰውዬ እዚያ ቢወለድ ኖሮ ፊልሙ በአሥር ደቂቃ ባለቀ። ጥያቄው ለወግ ያህል ብቻ አልነበረም። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የሕዝብ እስኪሆን ድረስ ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም እስከ ቀደምት አባት ትውልድ ተቆጥሮ ነው። ሰው የራሱን ሐረግ ባያውቅ እንኳ ሽማግሌዎች ያውቁለታል።

ስጋቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው «ቢፎር አይ ጎ ቱ ስሊፕ» ክሪስቲን በየማለዳው ያለፉትን ብዙ ዓመታት ረስታ ስትነቃ ኑሮዋ ምን እንደ ሆነ የሚነግራት አብሯት ያለው ሰው ነው፤ ሰውየው ደግሞ (ያላያችሁት ይቅር በሉኝ) ውሸታም ነው። በርስት ሙግትም ሐረግ ለጥቅም ይጣመም ነበር። ሆኖም አንዱ ሲቆጥር ተሟጋቹ «አይደለም» ብሎ ሌላ ሐረግ ይቆጥራል፤ ዳኛው የሁለቱንም ይሰማል። ክሪስቲን ጋር ግን ቤቷ ውስጥ ያለው ያው አንድ ሰው ነው። ሌላው ምስክሯ ደብቃ በያዘችው ካሜራ ያስቀረችው የራሷ ድምፅ ነው።