ፍሪሲዮን «ኤር ያዘ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ስትመጡ ፍሪሲዮን (ማርሽ ስትቀይሩ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን) ብዙም አትረግጡም። አምስተኛ ማርሽ ካስገባችሁ በኋላ መንገዱ ይወስዳችኋል። ችግሩ የሚታወቀው ከፍላችሁ ከወጣችሁ በኋላ፣ ከተማው ውስጥ ከባጃጅ ጋር መጋፋት ሲጀመር ነው። ፔዳሉ ላላ ይላል። አንደኛ ማርሽ አልገባ ይላል፣ የኋላ ማርሹ ይጮኻል። ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ ስትረግጡት ግን ጠንከር ይላል። ይሄኔ ነው መካኒኩ «ኤር ይዟል» የሚለው፤ የፍሪሲዮኑ ዘይት መስመር ውስጥ አየር ገብቷል ማለቱ ነው።

በሃይሉክስና በመሰሎቹ ፒክአፖች ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚያገናኘው የፍሬን ዘይት ነው። ስትረግጡ የላይኛው ፖምፓ ዘይቱን በቱቦ ይገፋል። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጎን ያለው የታችኛው ፖምፓ ደግሞ ዘንጉን ገፍቶ ፍሪሲዮኑን ያላቅቃል። ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ይጨመቃል። መስመሩ ውስጥ አየር ካለ የእግራችሁ ጉልበት እዚያው አየሩ ላይ ያልቃል። ፍሪሲዮኑ በደንብ ስለማይለቅ ማርሹ ይታገላል።

አየሩን ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል። ሌላው ከታች የታችኛውን ፖምፓ የአየር ማስወጫ ቡሎን ላላ ያደርጋል፤ ዘይትና አረፋ በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙስ ይወጣል። ቡሎኑ ሳይጠብቅ ፔዳሉ ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል። አረፋው እስኪጠፋ ይደጋገማል። በመሃል ላይኛው ፖምፓ ዘይት የሚሰጠው ዕቃ እንዳይጎድል፤ ከጎደለ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ሂሳብ ከፍሎ ይሄዳል። በጣም የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው፣ ምክንያቱም አየር ዝም ብሎ አይገባም። የፍሪሲዮን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይቃጠልም። የፍሪሲዮኑ ዲስክ ሲያልቅ እንኳ በአብዛኞቹ መኪኖች ዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ከጎደለ ፈሷል ማለት ነው። የታችኛውን ፖምፓ የጎማ ሽፋን በጣታችሁ ገለጥ አድርጉት። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ጎሚኒው (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚይዘው የውስጥ ጎማ) አልቋል። ከዚያ ሹፌሩ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ አንሱ። ከፔዳሉ በላይ ግድግዳው ላይ ዘይት ከወረደ የሚያፈሰው የላይኛው ፖምፓ ነው። የትም ሳይፈስ ተረግጦ የተያዘው ፔዳል ቀስ እያለ ከሰመጠም ጥርጣሬው የላይኛው ፖምፓ ላይ ነው፤ ዘይቱ በውስጡ በጎሚኒው በኩል ወደ ኋላ እያለፈ ነው። ይህን ሳታዩ «ካምቢዮ ይውረድ» የሚል ካለ አትቸኩሉ። የታችኛው ፖምፓ ካምቢዮው ውስጥ የተገጠመባቸው መኪኖች ግን አሉ፣ እነሱ ላይ ማውረዱ ግድ ነው።

ዘይት ስትሞሉ የዕቃው ክዳን ላይ የተጻፈውን የፍሬን ዘይት ዓይነት አንብቡ፤ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይላል። የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ ጠብ እንዳይልበት። ጎሚኒው ያብጥና ሁለቱም ፖምፓ ይበላሻል።