ኮድ ደግሞ ምን ያምራል?

ፕሮግራመር ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አለቃዬ ኮዴን፣ ማለትም ለኮምፒውተር የጻፍኩትን ትእዛዝ፣ አየና «አስቀያሚ ነው» አለኝ። «ይሠራል እኮ!» አልኩት። «ይሠራል። ግን አስቀያሚ ነው» ብሎኝ ሄደ። ያኔ የናቀኝ ነበር የመሰለኝ። ስለ ኮድ ውበት ሲወራ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሳ። አብዛኞቹን እኔም ብያቸዋለሁ።

«ውበት የግል ምርጫ ነው፤ ላንዱ ያማረው ለሌላው ላያምር ይችላል»

ስለ ጥለት ከሆነ እሺ። ኮድ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ያ አስቀያሚ የተባለው ኮድ በሁለት ቀኖች መካከል ስንት ቀን እንዳለ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሰላ ነበር። እኔ ወር በወር እየዞርኩ ነው የቆጠርኩት። ወሩ ጳጉሜን ከሆነ እንዲህ፣ ዘመኑ ሉቃስ ከሆነ እንዲያ፣ ዓመት ከተሻገረ ደግሞ ሌላ። ኢፍ («እንዲህ ከሆነ» የሚል ትእዛዝ) በኢፍ ላይ ተደራርቦ ገጽ ተኩል ሞላ።

እሱ የጻፈልኝ አንድ መስመር ነው። ከዓመቱ 1 ቀንስና በ365 አባዛ። ዓመቱን ለ4 አካፍለህ ቀሪውን ጣል፤ የደረሰውን ደምርበት። ከወሩ ቁጥር 1 ቀንስ፣ በ30 አባዛ፣ ደምር። በመጨረሻ ቀኑን ደምር። ለሁለቱም ቀኖች ይህን ሠርተህ አንዱን ከሌላው ቀንስ። አለቀ።

እስቲ ከጳጉሜን 3 ቀን 2015 እስከ መስከረም 2 ቀን 2016 ሞክሩት። 5 ይመጣል። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት። በጣታችሁ ብትቆጥሩም መልሱ 5 ነው። ስድስተኛዋ ቀን ማንም ሳይጠራት መጥታ ተቆጠረች። መስመሩ ውስጥ ጳጉሜን የሚል ቃል የለም፣ ኢፍም የለም።

ምስጢሩ ምን መሰላችሁ? የተለየችው ወር መጨረሻ ላይ ናት። ከእሷ በፊት ያሉት 12ቱም እኩል 30 ናቸው። ፈረንጆቹ ተጨማሪዋን ቀን ፌብሩዋሪ ላይ፣ ዓመቱ ገና ሳይጋመስ ነው የሚያስገቧት። ስለዚህ በእነሱ አቆጣጠር ስሌት የሚሠሩ ፕሮግራመሮች የታወቀ ዘዴ አላቸው። ዓመቱን ከማርች ያስጀምሩና ፌብሩዋሪን ወደ መጨረሻ ይወስዷታል። የእኛ ከጥንቱም እንደዚያ ነው። በዚህ ትንሽ ብኮራ አይፈረድብኝም።

እንግዲህ ይሄ የምርጫ ጉዳይ ነው? የእኔ ኮድ ውስጥ ስህተት የሚደበቅበት ጓዳ ብዙ ነበር። የእሱ ውስጥ መደበቂያ የለም። ዓይን «ያምራል» የሚለው ይህን ሲያይ ነው።

«ያማረ ኮድ ማለት አጭርና ብልጠት ያለበት ኮድ ነው»

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ኩዌክ 3 የተባለው ጌም ኮድ ውስጥ በፕሮግራመሮች ዘንድ ዝነኛ የሆነች ቁራጭ አለች። የአንድን ቁጥር ስኩዌር ሩት ተገላቢጦሽ በፍጥነት ትገምታለች። ነጥብ ያለውን ቁጥር ቢቶቹን (ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈባቸውን 0ና 1ዎች) ሳትነካ እንደ ሙሉ ቁጥር ታነበውና፣ ግማሹን ከአንድ ግራ ከሚያጋባ ቋሚ ቁጥር ላይ ትቀንሳለች። ከመስመሩ ጎን የተጻፈው ማስታወሻ «ይሄ ደግሞ ምንድነው!» ዓይነት ስድብ ነው። አደንቃታለሁ። ግን ቅኔ ናት። ቅኔ የሚጥመው ወርቁ ተደብቆ ስለሚፈለግ ነው። ኮድ ውስጥ ወርቅ የሚደብቅ ሰው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሲስተም ሲወድቅ ጓደኛውን ወርቅ ፍለጋ ያስቆፍራል።

አጥሮ ግልጽ የሆነም አለ። ለእያንዳንዱ ፊደል የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ የፊደላችን ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ቦታ ይዘው በተርታ ተቀምጠዋል። ስለዚህ የ«ሉ»ን የኮድ ቁጥር ለ8 ብታካፍሉ ቀሪው 1 ነው፤ ካዕብ። የ«ሙ»ም 1፣ የ«ሩ»ም 1። የግዕዙ ቀሪ 0፣ የሳብዑ 6። የግጥም ስንኝ የሚያበቃበት ፊደል ግዕዝ ይሁን ካዕብ የሚለይ ፕሮግራም ለመጻፍ ሁሉንም ፊደል መዘርዘር አያስፈልግም፤ አንድ ማካፈል ይበቃል። ይህን ለመረዳት ደግሞ ሀሁ የቆጠረ ሁሉ ይበቃል።

«ተጠቃሚው አያየው፣ ምን አስጨነቀህ?»

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 በአፕል ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላይ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ እንዳለ ታወቀ። ምክንያቱ «ጎቱ ፌይል» (ወደ ስህተት መውጫው ዝለል) የምትል አንዲት መስመር ሁለት ጊዜ መጻፏ ነው። የመጀመሪያዋ የኢፉ ነበረች። ሁለተኛዋ ከሥሯ እኩል ገብታ ስለተጻፈች የኢፉ ትመስላለች፤ ግን አይደለችም። ሁልጊዜ ትሠራለች። በዚህ የተነሳ የድረ ገጹን ፊርማ የሚያረጋግጠው የመጨረሻው ፍተሻ ተዘለለ። ኢፉ በቅንፍ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ የተደገመችው መስመር ጉዳት ባላደረሰች ነበር። ተጠቃሚው ኮዱን አላየም፤ ቀዳዳው ግን ኪሱ ውስጥ ነበር።

«ጊዜ የለንም፤ ውበት ቅንጦት ነው»

ሆላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ዳይክስትራ ከቦታ ቦታ የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ የሚፈልገውን ስልት ያሰበው እ.ኤ.አ. በ1956 አምስተርዳም ውስጥ ነው። ከእጮኛው ጋር ገበያ ዞረው ደክሟቸው፣ ካፌ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጡ፣ በ20 ደቂቃ ገደማ። ወረቀትና እርሳስ አልያዘም። ኋላ ላይ ሲናገር ስልቱ ያማረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው ብሏል። በጭንቅላትህ ብቻ ስታስብ የማያስፈልገውን ውስብስብ ነገር ለመተው ትገደዳለህ።

የፕሮግራመሩ የቢል አትኪንሰንም ታሪክ አለ። አፕል ውስጥ የሊዛ ኮምፒውተር ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ኃላፊዎች እያንዳንዱ ፕሮግራመር በሳምንት ስንት መስመር እንደጻፈ ፎርም እንዲሞላ አዘዙ። እሱ በዚያ ሳምንት አንድ የሥዕል ክፍል እንደገና ጽፎ ወደ ስድስት እጥፍ ገደማ አፍጥኖት፣ ኮዱንም በ2000 መስመር አሳጥሮት ነበር። ፎርሙ ላይ «-2000» ብሎ ሞላ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፎርም ሙላ ማለታቸውን ተዉት።

«ኮዱ በሥርዓት ከተደረደረ ያምራል»

ድርደራውን ዛሬ መሣሪያ ይሠራዋል፤ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። የእኔ ገጽ ተኩልም ቆንጆ ተደርድሮ ነበር።

«እንግዲያው ሁሉም ኮድ ማማር አለበት»

ይህንንም ብያለሁ፤ ያውም በኩራት። ግን አንድ ጊዜ ሠርቶ ለሚጣል ነገር ሁለት ቀን ማጥፋት ልክ አይደለም። እኔም የተዘበራረቁ የፋይል ስሞችን የሚያስተካክል ነገር በአንድ ከሰዓት፣ ያለ ምንም ይሉኝታ፣ እንዳመጣልኝ ጻፍኩ። ነገ እሰርዘዋለሁ ብዬ ስሙን «ጊዜያዊ» አልኩት። ዘንድሮ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት ይነሳል፤ አሁን ማንም ሊነካው አይደፍርም።