የሦስተኛ ክፍል ንባብና ሽጉጥ፦ «ተዛምዶ» ምን ማለት ነው?

«እስር ቤት የሚሠራው የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ውጤት እየታየ ነው» የሚል ወሬ በአሜሪካ ከተናፈሰ ቆይቷል። ተረት ነው። በደካማ ንባብና በሽጉጥ ጥቃት መካከል ያለው ግንኙነት እውነቱ ተዛምዶ ነው፤ ማለትም ሁለቱ ነገሮች አብረው ይታያሉ እንጂ አንዱ ሌላውን ወለደ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት በሦስተኛ ክፍል በደንብ የማያነቡ ልጆች ሁለተኛ ደረጃን በወቅቱ ሳያጠናቅቁ የመቅረት ዕድላቸው በደንብ ከሚያነቡት አራት እጥፍ መሆኑን አሳየ። የለካው ትምህርት ማቋረጥን እንጂ ተኩስን አይደለም (ይህ ሁልጊዜ ይዘነጋል)። መጽሐፍ የሌለበት ቤትና ጥይት የሚሰማበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰፈር ናቸው፤ ድህነት ሁለቱንም ያመጣል። ንባብ የሚገባው በድህነትና ትምህርት በማቋረጥ መሃል ነው። በአራተኛ ክፍል የሒሳብ ጥያቄው ራሱ በዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ መደመር የሚያውቅ ልጅ ጥያቄውን ማንበብ አቅቶት ባዶ ወረቀት ይመልሳል።